«ኢየሱስ ጌታ ነው» እያልኩ ሁለት ዓይነት ሂሳብ እይዛለሁ

ጥያቄ፦

«መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የግንባታ ዕቃ በሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሁለት ዓይነት ሂሳብ እንይዛለን። አንዱ ለገቢዎች የሚቀርበው ነው። ሌላው ትክክለኛው ነው፤ እሱን የሚያየው ባለቤቱ ብቻ ነው። ባለቤቱ አማኝ ነው፤ የምናመልከውም አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው። ነገሩን ሳነሣበት "መንግሥት ራሱ ሌባ ነው። ደግሞ አለቃሽ እኔ ነኝ፣ ያልኩሽን ሥሪ" ይለኛል። ልጅ አለኝ፣ የቤት ኪራይም አለብኝ። እሁድ እጄን አንሥቼ "ኢየሱስ ጌታ ነው" ብዬ ስዘምር ድምፄ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። መዘመሬን ላቁም? እምነቴ የእውነት ነው ወይስ ልማድ? ኢየሱስ በሕይወቴ ላይ ሥልጣን እንዳለውስ በምን አውቃለሁ?»

መልስ፦

እህቴ፣ ስለ ጥያቄሽ አመሰግናለሁ። አዲስ ኪዳን አስተምራለሁ። ስለ እምነቱ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያነሣልኝ ስሜቱን ነው። «ድሮ ስጸልይ አለቅስ ነበር፣ አሁን ደረቅሁ» ይለኛል። አንቺ ያነሣሽው የሂሳብ መዝገብ ነው። ጥሩ ቦታ ነክተሻል። ወንጌሎቹም የኢየሱስን ሥልጣን ጉዳይ ገንዘብ ካለበት ቦታ አያርቁትም።

ማርቆስ 11ን ክፈቺ። ኢየሱስ ኢየሩሳሌም ገብቷል። በቤተ መቅደሱ ግቢ የገንዘብ ለዋጮችን ገበታ ገልብጧል፣ የርግብ ሻጮችን ወንበር አንሥቷል። በማግስቱ ተመልሶ ሲመጣ የካህናት አለቆች፣ ጻፎችና ሽማግሌዎች ቀረቡት። «በምን ሥልጣን እነዚህን ታደርጋለህ?» አሉት። ሲሰሙት ትልቅ የነገረ መለኮት ጥያቄ ይመስላል። ግን መቼ እንደተጠየቀ ልብ በዪ። የተጠየቀው ገበታው ከተገለበጠ በኋላ ነው።

ኢየሱስ በጥያቄ መለሰላቸው። «የዮሐንስ ጥምቀት ከሰማይ ነበረችን ወይስ ከሰው?» አላቸው። እርስ በርሳቸው መመካከር ጀመሩ። ማርቆስ ምክክራቸውን ጽፎልናል። ከሰማይ ነው ብንል «ታዲያ ስለ ምን አላመናችሁበትም?» ይለናል። ከሰው ነው እንዳንል ደግሞ ሕዝቡን ፈሩ፤ ሰው ሁሉ ዮሐንስን እንደ ነቢይ ያየዋልና። በዚያ ሁሉ ምክክር ውስጥ «እውነቱ የቱ ነው?» ያለ ሰው የለም። ሁሉም የሚያሰላው ምን ያስከፍለኛል የሚለውን ነው። መጨረሻ ላይ «አናውቅም» አሉ። እሱም «እኔም በምን ሥልጣን እንደማደርግ አልነግራችሁም» አላቸው።

እነዚህ ሰዎች መጽሐፉን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ማስረጃ አልጎደላቸውም። መልሱ የተዘጋባቸው መልሱን ይዘው ለመኖር ስላልፈለጉ ነው። ኢየሱስ ይህንኑ ዮሐንስ 7፥17 ላይ በግልጽ ይናገረዋል። የእግዚአብሔርን ፈቃድ ሊያደርግ የሚወድ ሰው ትምህርቱ ከእግዚአብሔር መሆኑን ያውቃል ይላል። ለማድረግ መውደድ ይቀድማል፣ ማወቅ ይከተላል። «በምን አውቃለሁ?» ላልሽው የመጀመሪያው መልሴ ይህ ነው። ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ልብሽን በመመርመር ብቻ አታውቂውም። ቃሉና ጥቅምሽ የተጋጩበት ቦታ ላይ ነው የሚታወቀው። አንቺ አሁን እዚያ ቦታ ላይ ቆመሻል።

ኢየሱስ ለምን የዮሐንስን ጥምቀት እንዳነሣባቸው ደግሞ እይ። ሉቃስ 3 ላይ ዮሐንስ ሲያጠምቅ ቀራጮች መጡ። «መምህር ሆይ፥ ምን እናድርግ?» አሉት። ያኔ ቀረጥ የመሰብሰብ ሥራ በኮንትራት ይሰጥ ነበር። ከተወሰነው በላይ የሰበሰበው ለቀራጩ ኪስ ነው። ሥራው ራሱ ብዙ የሚያስበላ ነው። ዮሐንስ ግን ሥራችሁን ልቀቁ አላላቸውም። ከኔ ጋር በረሃ ቅሩ፣ ጠጉር ልበሱ፣ አንበጣ ብሉም አላላቸውም። «ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ» ነው ያላቸው። ለወታደሮቹም «ደመወዛችሁም ይብቃችሁ» አላቸው። ስለ ዮሐንስ ስብከት ስናስተምር ይህን ክፍል ለምን በሩጫ እንደምናልፈው አይገባኝም። ምናልባት በጣም ግልጽ ስለሆነ ይሆናል።

ማቴዎስ ይህንኑ የቤተ መቅደስ ክርክር ሲጽፍ ወዲያው የሁለቱን ልጆች ምሳሌ ይጨምርበታል። አባትየው ልጆቹን ወደ ወይን አትክልቱ ይልካል። አንዱ «አልወድም» አለ፤ ኋላ ተጸጽቶ ሄደ። ሌላው «እሺ ጌታዬ» አለ፤ አልሄደም። እኛ «እሺ ይበልጣል ከሺህ» ብለን ያደግን ሰዎች ነን፤ ሁለተኛው ልጅ ጨዋ ይመስለናል። ኢየሱስ ግን ቀራጮችና ጋለሞቶች እነዚያን የተከበሩ ሰዎች ወደ እግዚአብሔር መንግሥት እንደሚቀድሟቸው ተናገረ። ምክንያቱንም ነገራቸው፤ ቀራጮቹ ዮሐንስን አመኑት። ማመናቸውም የታየው በሚሰበስቡት ገንዘብ ነው።

እንግዲህ «ጌታ» ማለት ብቻውን ምን ያህል እንደሚያስኬድ ተመልከቺ። ማርቆስ 1 ላይ በቅፍርናሆም ምኩራብ ኢየሱስ ማን እንደሆነ ጮኾ የተናገረው ርኩስ መንፈስ ነው። «የእግዚአብሔር ቅዱሱ» አለው። ትክክል ነው፣ አልተሳሳተም። ሉቃስ 6፥46 ላይ ደግሞ «ስለ ምን፦ ጌታ ሆይ፥ ጌታ ሆይ፥ ትሉኛላችሁ፥ የምለውንም አታደርጉም?» ይላል። «ኢየሱስ ጌታ ነው» የሚል ጽሑፍ የለጠፈ ታክሲ ውስጥ ተሳፍረሽ መልስሽን ሳይሰጥሽ የቀረ ረዳት አጋጥሞሽ ያውቅ ይሆናል። ነገሩ ግን ረዳቱ ላይ ብቻ አይደለም ያለው።

በወንጌል ውስጥ የኢየሱስን ሥልጣን በትክክል የተረዳ ሰው ማን ነው ብትዪኝ፣ የቅፍርናሆሙን መቶ አለቃ እጠራልሻለሁ። አይሁዳዊ እንኳ አልነበረም። ብላቴናው ታሞበታል። ሉቃስ እንደሚለው የአይሁድ ሽማግሌዎች ሄደው አማለዱት። «ይህን ልታደርግለት ይገባዋል፤ ምኩራባችንን ሠርቶልናል» አሉ። ያው እኛም የምናውቀው ወግ ነው። ለሕንፃው የሰጠ ሰው ስሙ በእብነ በረድ ይቀረጻል፣ ወንበሩ ፊት ለፊት ይሆናል፣ ጥፋቱን የሚነግረውም አይኖርም። ሰውዬው ራሱ ግን ያንን ውለታ አላነሣውም። «በቤቴ ጣራ ከታች ልትገባ አይገባኝም» ብሎ ላከ። ቀጠለና እንዲህ አለ፦ «እኔ ደግሞ ለሌሎች ተገዥ ነኝ፥ ከእኔም በታች ጭፍራ አለኝ፤ አንዱን ሂድ ብለው ይሄዳል፥ ሌላውን ና ብለው ይመጣል።»

ከየት እንደጀመረ አየሽ? ከተገዥነቱ ነው የጀመረው። እሱ «ሂድ» ሲል ወታደሩ የሚሄደው ከጀርባው የላከው ስላለ ነው። ከበላዩ ጋር የተቆራረጠ ቀን ትእዛዙ ባዶ ቃል ነው። ስለዚህ ኢየሱስን ሲያየው ከአብ እንደተላከ፣ ቃሉም መንገድ ሳይጠይቅ እንደሚሠራ ገባው። እጁን ይጫንልኝ፣ ይምጣልኝ፣ ልዳስሰው አላለም። ቃል ብቻ ተናገር አለ። ኢየሱስም ተደነቀ። በእስራኤል እንኳ እንዲህ ያለ እምነት አላገኘሁም አለ። እምነት ብሎ የጠራው ይህንን ነው፤ የተናገረው ሰው ማን እንደሆነ አውቆ በቃሉ ላይ መደገፍን።

አሁን ወደ አለቃሽ ሁለት ነጥቦች እንምጣ።

«መንግሥት ራሱ ሌባ ነው» ይልሻል። ማርቆስ 12ን ያንብበው። በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ቤተ መቅደስ፣ ሰዎች መጥተው ለቄሣር ግብር መስጠት ተፈቅዷል ወይ ብለው ጠየቁት። ቄሣሩ ጢባርዮስ ነው። አገራቸውን በጦር የያዘ ባዕድ ነው። ማንም አልመረጠውም፣ ገንዘቡ የት እንደገባም ማንም አይጠይቀውም። ኢየሱስ ዲናር አስመጥቶ መልኩና ጽሕፈቱ የማን እንደሆነ ጠየቀ። «የቄሣርን ለቄሣር የእግዚአብሔርንም ለእግዚአብሔር አስረክቡ» አላቸው። ቄሣር ንጹሕ ስለሆነ አይደለም እንዲህ ያለው። እንግዲህ የዛሬ ግብር ከፋይ መንግሥትን መውቀስ፣ መጠየቅ፣ በሕግ መሟገት ይችላል። የሐሰት መዝገብ መያዝ ግን ሌላ ነገር ነው። ደግሞ ስለ ቫት ከሆነ የምናወራው፣ ደንበኛው 15 በመቶውን ጨምሮ ከፍሏል። ያ ብር ከመጀመሪያውም የአለቃሽ አልነበረም። ሰብስቦ እንዲያስረክብ እጁ ላይ የተቀመጠ አደራ ነው።

አደራ ካልኩ አይቀር አንድ ነገር ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ112 ገደማ ፕሊኒ የሚባል የሮም አገረ ገዥ ለንጉሠ ነገሥቱ ለትራጃን ደብዳቤ ጻፈ። የሚያስተዳድረው ጳንጦስንና ቢታንያን ነበር፤ ዛሬ ሰሜን ቱርክ ውስጥ ነው። ጴጥሮስ በመጀመሪያው መልእክቱ መግቢያ ላይ ስማቸውን ከሚጠራቸው አገሮች መካከል ናቸው። ፕሊኒ ክርስቲያኖችን እያሠረ ይመረምር ነበር። ክርስቶስን እንዲረግሙና ለንጉሠ ነገሥቱ ምስል ዕጣን እንዲያጤሱ ያዛል። እውነተኞቹን እንዲህ ማስደረግ አይቻልም ሲባል መስማቱንም ጽፏል። ከዚያ ምን እንደሚሠሩ መርምሮ ያገኘውን ይነግረዋል። በተወሰነ ቀን ሳይነጋ ይሰበሰባሉ። ለክርስቶስ እንደ አምላክ ይዘምራሉ። ከዚያም ይማማላሉ፤ እንዳይሰርቁ፣ እንዳይዘርፉ፣ እንዳያመነዝሩ፣ ቃላቸውን እንዳያጥፉ፣ የተሰጣቸውን አደራ ሲጠየቁ እንዳይክዱ።

ይህን የጻፈው ጠላታቸው ነው። ሊያሞግሳቸው አልፈለገም፤ እንዲያውም ነገሩን ከንቱ እምነት ብሎታል። ግን መዝሙሩና አደራው አንድ ጉባኤ ላይ አብረው ነበሩ። አንቺ ስትዘምሪ ጉሮሮሽን የሚይዝሽ ነገር ለእነዚያ ሰዎች እንግዳ አይሆንባቸውም ነበር።

«አለቃሽ እኔ ነኝ» ላለሽ ደግሞ፤ አዎ፣ አለቃሽ ነው። በሰዓትሽ ግቢ፣ ሥራሽን በጥራት ሥሪ፣ አክብሪው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሠራተኛ የሚለው ይህንን ነው። ግን ኢየሱስ ከትንሣኤው በኋላ «ሥልጣን ሁሉ በሰማይና በምድር ተሰጠኝ» ብሏል። ሁሉም ለእሱ ከተሰጠ፣ የአለቃሽ ሥልጣን የተዋሰው ነው። የተዋሰውን ይዞ ባለቤቱ የከለከለውን ማዘዝ አይችልም። ጴጥሮስና ሐዋርያቱ በሸንጎ ፊት «ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር ልንታዘዝ ይገባል» ያሉት ለዚህ ነው። ይህ ለመጋቢም፣ ለነቢይም፣ ለእኔ ቢጤ መምህርም ይሠራል። «የተቀባሁ ነኝ፣ አትጠይቂኝ» የሚል አገልጋይ ካጋጠመሽ ጠይቂው።

የኢየሱስ ሥልጣን ከለመድነው ሥልጣን የሚለይበት ሌላም ነገር አለ። እኛ ጋ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል። ሹመት መብያ ነው። ያዕቆብና ዮሐንስም በቀኝና በግራህ እንቀመጥ ብለው ሲጠይቁት ያሰቡት ከዚህ የራቀ አይመስለኝም። እሱ ግን የአሕዛብ ገዥዎች በላያቸው እንደሚሠለጥኑ አስታውሶ «በእናንተስ እንዲህ አይደለም» አላቸው። ራሱ የመጣው ሊያገለግልና ነፍሱን ለብዙዎች ቤዛ ሊሰጥ እንደሆነ ነገራቸው። የሚያዝሽ ጌታ ከአንቺ ቀድሞ ከፍሏል። ስለዚህ ለሥልጣኑ ስትገዢ አንቺን ሊበላ ለተቀመጠ ሰው እየተገዛሽ አይደለም። አለቃሽ እንዲህ ሊልሽ ይችላል?

አሁን ወደ ከባዱ። እምነትሽ የእውነት ነው ወይስ ልማድ?

ድምፅሽ ጉሮሮሽ ላይ መቅረቱ ደህና ምልክት ነው። የደነደነ ሕሊና በሙሉ ድምፅ ይዘምራል። ስለዚህ መዘመርሽን አታቁሚ። ግን እዚያም ላይ አትቀመጪ። ሉቃስ 18 ላይ ያ ባለ ጠጋ ሰው የኢየሱስን ቃል ሲሰማ በጣም አዘነ። ሐዘኑ የእውነት ነበር። ማዘኑ ግን ብቻውን አልጠቀመውም። ምዕራፍ 19 ላይ ዘኬዎስ ይመጣል። የቀራጮች አለቃ፣ እሱም ሀብታም። ተነሥቶ ቆመና ለድሆች የሀብቴን እኩሌታ እሰጣለሁ፣ በሐሰት የወሰድኩትንም አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ሉቃስ ሁለቱን ሀብታሞች አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጣቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

የዘኬዎስን ታሪክ ግን ከፊቱ አንብቢው። መጀመሪያ ኢየሱስ «ዛሬ በቤትህ እውል ዘንድ ይገባኛልና ፈጥነህ ውረድ» አለው። ዘኬዎስ ያኔ ምንም አልመለሰም። እንግዳው ገብቶ ነው ካዝናው የተከፈተው። ስለዚህ መዝገብሽን አስተካክለሽ እግዚአብሔር እንዲቀበልሽ አትሠሪም። ተቀብሎሻል፤ መዝገቡ ከዚያ ይስተካከላል። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ክዶ እንኳ ጌታ መልሶ «በጎቼን ጠብቅ» ብሎታል። እስከ ዛሬ በሁለት ቢላ መብላትሽ እምነት አልነበረሽም ማለት አይደለም። ከእንግዲህ እያወቅሽ ለመቀጠል ብትወስኚ ግን፣ ያኔ ጥያቄሽ ሌላ መልስ ይኖረዋል።

የሶርያውን የጦር አለቃ ንዕማንን የሚጠቅስልሽ ሰው አይጠፋም። 2 ነገሥት 5 ላይ ከጌታው ጋር ሬሞን በሚባለው ጣዖት ቤት መስገድ ስለሚኖርበት ነቢዩን ኤልሳዕን ይቅር ይባልልኝ ብሎ ጠየቀው፤ ኤልሳዕም «በደኅና ሂድ» አለው። ንዕማን ግን ሲሰግድ ማንንም አልሰረቀም፣ የሐሰት ሰነድ ላይም አልፈረመም። የአንቺ ጉዳይ ከዚያ ጋር አይሄድም።

ሰማዕታትን መጥቀስ ይቀናናል። በ1928 ዓ.ም. ሐምሌ አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን አውግዝ ተብለው እምቢ በማለታቸው አዲስ አበባ ላይ ተረሸኑ። በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የመውጫ ዕድል እያላቸው መንጋዬን አልተውም ብለው ቀርተው ደርግ ገደላቸው። እነሱን ማክበር ተገቢ ነው። አንቺ የተጠየቅሽው ደሞዝሽን ነው። ያ ትንሽ ነገር ነው ብዬ አልቀልድብሽም። ልጅ ያላት ሴት ደሞዟን ማጣት ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው ትንሽ ነው የሚላት። «ጌታ የተሻለ ሥራ አዘጋጅቶልሻል» ብዬም አልሸነግልሽም። ሊሰጥሽ ይችላል። ላይሰጥሽም ይችላል። እነዚያ ሦስቱ ወጣቶች በእሳቱ ፊት «ባያድነንም» ብለው ነው የተናገሩት።

ምን ታደርጊ? አለቃሽ አማኝ ስለሆነ ማቴዎስ 18 በቀጥታ ይመለከትሻል። ሠራተኛ ፊት አይደለም፣ በጽሑፍ መልእክትም አይደለም፤ ብቻችሁን ሆናችሁ ንገሪው። «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የማቀርበው ትክክለኛውን ሂሳብ ብቻ ነው። ሕጉ የሚፈቅደውን ወጪና ቅናሽ በሙሉ በደንብ አወጣልሃለሁ፤ በሐሰቱ ላይ ግን አልፈርምም» በዪው። ባለሙያ ስለሆንሽ በሕጋዊ መንገድ የምታተርፊለት ነገር ይኖራል፤ እሱን አሳዪው። ላይቆጣ ይችላል። እንዲያውም ራሱ መውጫ የሚፈልግ ሰው ሊሆን ይችላል። እንቢ ካለ ሁለት የታመኑ ሰዎች ይዘሽ ድገሚው። ያም ካልሆነ ለሽማግሌዎች ንገሪ። ሽማግሌዎቹ አሥራቱን ፈርተው ዝም ካሉ፣ የኢየሱስ ሥልጣን ጥያቄ የሚመጣው እነሱ ላይ ነው።

ቤተ ክርስቲያንሽ ውስጥ ሌላም ሰው ይወቅልሽ። ሥራሽን ብታጪ የሁለት የሦስት ወር ኪራይሽን ማን እንደሚያግዝ ከአሁኑ ይነጋገሩበት። አብራ የምትዘምር እህታቸው በሐቅ ምክንያት ከቤት ስትወጣ «እንጸልይልሻለን» ብሎ መሸኘትን ያዕቆብ በሁለተኛው ምዕራፍ ላይ በደንብ ነቅፎታል።

ከአለቃሽ ጋር ከመነጋገርሽ በፊት ግን የግብር ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ አማክሪ። ሐሰተኛ ሂሳብ ማቅረብ ወንጀል ነው፤ በሥራው የረዳም ይጠየቃል። ስለዚህ እስካሁን አንቺ የፈረምሽባቸው የትኞቹ እንደሆኑ ለይተሽ ያዢ። ያለፈውን ዓመት ማስተካከል የሚቻልበት መንገድ ካለ ለአለቃሽም የሚጠቅመው እሱ ነው፤ ቅጣቱን ከፍሎ ማረም በኦዲት ከመያዝ ይሻለዋል። ሥራ መፈለጉንም ዛሬውኑ ጀምሪ። ሲቪሽ ከቆየ አድሺው፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤሽንም ከንግግሩ በፊት ጠይቂ፤ ከተጣላችሁ በኋላ ላይጽፍልሽ ይችላል።